ከጫሞ ዳር እስከ ጉጌ አናት፦ አየርን ፎቶ ማንሳት

እ.ኤ.አ. በ1866 ሳሙኤል ቦርን የሚባል እንግሊዛዊ ፎቶ አንሺ በሂማላያ ማኒራንግ የተባለውን የተራራ መተላለፊያ ሲወጣ፣ ካሜራውን፣ የመስታወት ሰሌዳዎቹን፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹንና የጨለማ ድንኳኑን የተሸከሙ ሰዎች አብረውት ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ማለት መስታወቱን ኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ከትቶ፣ አሁንም ሳይደርቅ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ማጠብ ነው። ቦርን ይህን ሁሉ ከ5,500 ሜትር በላይ ቆሞ አደረገው። ለሃያ ዓመት ያህልም ከዚያ ከፍ ብሎ ፎቶ ያነሳ ሰው አልተገኘም። ዛሬ ኔፓል ውስጥ 5,416 ሜትር ላይ ያለውን ቶሮንግ ላ የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ አለው፤ ጠርሙስ መሸከም ቀርቷል። ከሌንሱ እስከ ተራራው ያለው ቦታ ግን ዛሬም እንደ ቦርን ዘመን ባዶ አይደለም። አየር ሞልቶታል። አየሩ ብርሃኑን ይበትናል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ሩቁን ያደበዝዛል፤ ሲሳሳ ደግሞ ፎቶ አንሺውን ራሱን ያደክማል።

ይህን ለማየት ካትማንዱ ድረስ መብረር አያስፈልግም። ጋሞ ዞን ውስጥ የጫሞ ሐይቅ ወለል 1,110 ሜትር ላይ ነው፤ አርባ ምንጭ ከተማ 1,285 ሜትር ገደማ፤ ከከተማው በመኪና 37 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ፤ ከዚያም ወዲያ የጉጌ ተራራ ወደ 4,200 ሜትር ይነሳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ በአንድ ገደል ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንል አርባ ምንጭ 86፣ ጨንቻ 72፣ ጉጌ 59 ያህል ይደርሳቸዋል፤ ቶሮንግ ላ 50 ነው። ስለዚህ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ጉጌ አናት የቆመ ሰው ከተማው ውስጥ በላዩ ከነበረው አየር አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ከእግሩ በታች ጥሎ ወጥቷል። ሂማላያ በረዶው ይበልጠናል፣ ቁመቱም ይበልጠናል። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ አየር በአንድ ካሜራ ማየት ከተፈለገ ግን የጋሞ ደጋ የሚናቅ ቦታ አይደለም።

ከታች እንጀምር። ሴቻ በሚባለው የአርባ ምንጭ ክፍል ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው በግራው አባያ፣ በቀኙ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ከወዲያ ማዶ የነጭ ሣር ሜዳና የአማሮ ተራሮች ይታዩታል። ዓይን ይህን አይቶ ይረካል። ካሜራው ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የነጣና የደበዘዘ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ስልኩን ይራገማል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። በበጋ ወራት ቆላው ላይ አቧራ፣ የማሳ ቃጠሎ ጢስና እርጥበት ያበጠው ደቃቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። እያንዳንዱ ብናኝ ከሩቁ ተራራ የሚመጣውን ብርሃን ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ፣ በምትኩ ከፀሐይ የተቀበለውን ነጭ ብርሃን ወደ ሌንሱ ይልካል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ይነጣል።

ጀርመናዊው ኮሽሚደር እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን በቀመር አስቀመጠው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አየር በብርሃንና በጥላ መካከል ካለው ልዩነት እኩል ድርሻ ይወስዳል። ድርሻው አሥር በመቶ ነው እንበል። አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ኮረብታ ላይ የሚተርፈው ልዩነት 35 በመቶ ብቻ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ካለ 12 በመቶ። ዓይን ልዩነቱ ሁለት በመቶ ገደማ ሲደርስ መለየት ያቆማል፤ በዚህ ስሌት 37 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ተራራ ከሰማዩ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። ዙም እዚህ ላይ አያድንም። ረጅም ሌንስ ተራራውን ሲያቀርብ በመካከል ያለውን አየር ከነብናኙ አብሮ ያመጣዋል። ፎቶውን በኋላ በኮምፒውተር የሚያጠሩት ፕሮግራሞችም የተረፈውን ልዩነት ይለጥጣሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም። የሚሠራው መቅረብ፣ ከፍ ማለት ወይም ዝናብ መጠበቅ ነው። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል፤ ከዝናብ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጥርት ያለ ሰዓት የአማሮ ተራሮች ሸንተረር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብዙ አስጎብኚዎች ደረቁን ወር ይመክራሉ፤ ለመንገዱ እውነታቸውን ነው። ለፎቶ ከሆነ ግን እኔ በሁለት ዝናብ መካከል ያለችውን ቀን እመርጣለሁ፣ ጭቃው ቢኖርም።

የፀሐይዋ አቅጣጫም ይቆጠራል። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከሐይቆቹ ማዶ ነው። ብናኝ ብርሃንን አብልጦ የሚበትነው ወደ ፊት፣ ማለትም ብርሃኑ ሲጓዝበት በነበረው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ለሚያይ ሌንስ ጭጋጉ ሁሉ ያበራል። ለጥላ ምስል ጥሩ ነው፤ ዓሣ አጥማጁና ጀልባው ጥቁር ሆነው በወርቃማ ድባብ ላይ ይቀመጣሉ። የሐይቆቹን ቀለምና የዳርቻቸውን ዝርዝር ለሚፈልግ ግን ፀሐይዋ ከኋላው የምትሆንበት ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ከውጭ መጽሐፍ የተማረ ሰው ይሸወዳል፤ መጽሐፉ ጀምበር እስክትጠልቅ ጠብቅ ይለዋል። የአርባ ምንጭ ምዕራብ ግን ተራራ ነው። ፀሐይዋ ከአድማስ በፊት ገደሉ ውስጥ ትገባለች፤ ጥላው መጀመሪያ ከተማውን፣ ቀጥሎ ጫካውን፣ በመጨረሻ ሐይቁን ይሸፍናል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተዘጋጅቶ መቆም ነው። ሌላም አለ። ስድስት ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዲግሪዎች በ24 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች። ለንደን ውስጥ ይኸው መንገድ ወደ 40 ደቂቃ ይወስዳል። እነሱ ዘና ብለው የሚጠቀሙበትን ወርቃማ ብርሃን እኛ ሮጠን ነው የምንይዘው።

አባያና ጫሞን አንድ ላይ ማንሳት የፈለገ ሰው ደግሞ መውጣት አለበት። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ብረት ያዘለ ደቃቅ ሸክላ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖርና ስለማይዘቅጥ። ጫሞ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ዳርቻው ላይ ቆሞ ውሃውን አግድም ለሚያይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስሉታል፤ በጣም ዝቅ ካለ አቅጣጫ ሲታይ የውሃው ገጽ ብርሃን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ ሰማዩን ነው መልሶ የሚያሳየው። በጨንቻ መንገድ ላይ ወዳለችው ዶርዜ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከፍ እያልን ስንሄድ ሰማዩ ከውሃው ላይ እየሳሳ፣ የውሃው የራሱ ቀለም እየወጣ ይመጣል። ይህን ቀለም ለመያዝ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አባያ ፍሬሙን ሞልቶ ከታየ ካሜራው ቀዩን እንደ ስህተት ቆጥሮ በራሱ ጊዜ ሊያርመው ይሞክራል። ኋይት ባላንሱን ከአውቶማቲክ አውጥቶ የፀሐይ ምልክቱ ላይ ማድረግ ለሐይቁ ቀለሙን ያስጠብቅለታል።

ዶርዜ ስንደርስ አየር ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን የሚያስረዳው ምርጥ ቤተ ሙከራ ውጭ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተሰፍቶ እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃን በበሩና በግንባሩ ላይ ባሉት ክፍተቶች ብቻ ይገባል። መካከሉ ላይ እሳት ይነዳል። ከእሳቱ የሚነሳውን ጢስ ከጨለማው ግድግዳ አንጻር ይመልከቱት፤ ሰማያዊ ነው። ያንኑ ጢስ ዞረው በበሩ ብርሃን አንጻር ቢያዩት ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። ጢሱ ቀለም አልቀየረም። ቅንጣቶቹ ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ስለሆኑ አጭሩን ሰማያዊ ሞገድ አብልጠው ወደ ጎን ይበትኑታል፤ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው የተረፈው ቀይና ቢጫ ነው። አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብናኝና ጭስ በሞሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሳየው፣ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 ወደ ሒሳብ የለወጠው ይህንኑ ነው። የብርሃኑ ሞገድ በግማሽ ሲያጥር ብተናው አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የአየር ሞለኪውሎችም እንደዚያው ያደርጋሉ። የሩቅ ተራራ ሰማያዊነትና የምሽት ፀሐይ ቅላት የአንዱ ጢስ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

የተበተነው ብርሃን ሌላም ጠባይ አለው፤ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። ይህ በተለይ የሚጎላው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቀት ላይ ባለው የሰማይ ክፍል ነው። ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተር በትክክል ከተዞረ ያንን ብርሃን ያግዳል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቀላል ጭጋግም ይነሳል። ፎቶ አንሺዎች የቀትር ፀሐይን ይጠላሉ፤ በአርባ ምንጭ ግን ቀትር አንድ ስጦታ አላት። በመጋቢት የመጨረሻ ቀናትና በጳጉሜን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጥላችን ከእግራችን ስር ይገባል። ያኔ ከፀሐይ 90 ዲግሪ የሚርቀው የሰማይ ክፍል ዙሪያውን ያለው አድማስ ነው። ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞሩ ፖላራይዘሩ ይሠራል። የሂማላያ ሰው ይህን አያገኝም፤ ካትማንዱ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርስበት ቀን የለም። ስልክ ብቻ የያዘ ሰውም ቢሆን ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽሩን ሌንሱ ፊት ይዞ ቀስ ብሎ በማዞር ልዩነቱን ማየት ይችላል። ዝናብ ያረጠበው የእንሰት ቅጠል ላይ ይሞክሩት፤ ነጩ አንጸባራቂ ይነሳና ከስሩ አረንጓዴው ይወጣል።

ከዶርዜ ወደ ጨንቻ ስንቀጥል ጉሙ ይቀበለናል። የጨንቻ ጉም አመል ያለው ይመስላል፤ ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ረፋዱ ላይ ሳይታሰብ ይዘጋል። ሆኖም አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። ፀሐይ የገደሉን ፊት ስታሞቀው የቆላው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ይወጣል። ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም በየመቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። ጤዛ የሚሆንበት የሙቀት መጠን ላይ ሲደርስ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ለግምት ያህል አንድ ደንብ አለ፤ በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ላለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ደመናው 125 ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምራል። አርባ ምንጭ ላይ ሙቀቱ 28፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 12 ነው፤ 12 በ125 ሲባዛ 1,500 ሜትር። የከተማውን ከፍታ ስንደምርበት 2,800 ሜትር ገደማ ይመጣል። ጨንቻ ማለት ነው፤ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ። የጤዛ ነጥቡን ማንኛውም የአየር ሁኔታ የሚናገር የስልክ አፕ ያሳያል። በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ቁርስ እየበሉ ይህን ሒሳብ የሠሩ ሰዎች ከጉሙ በላይ ይሁኑ ከጉሙ ውስጥ ገምተው ይወጣሉ።

እኔ ከጉሙ ውስጥ መሆንን አልጠላም። ጉም በፀሐይ ላይ የተዘረጋ ነጠላ ነው፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል፣ ጥላ ይለዝባል፣ አንጸባራቂ ይጠፋል። ዱንጉዛ የሚባለው የአካባቢው የሽመና ጨርቅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር በጠራራ ፀሐይ ሲታይ ይነጣል፤ በጉም ውስጥ ግን እስከ ክሩ ድረስ ይነበባል። የቀርከሃ ጫካም እንዲሁ ነው። በጥርት ቀን የተምታታ የግንድ ክምር የነበረው፣ ጉም ሲገባበት ቅርቡ ጠቁሮ ሩቁ እየሳሳ ጥልቀቱ ይታያል። ከታች በቆላው ያማረርንበት የኮሽሚደር ቀመር እዚህ ለእኛ ይሠራል።

ግን ካሜራው ጉም አይወድም። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የብርሃን መለኪያው የተገነባው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንደሚሆን፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ አድርጎ ነው። የሂማላያ በረዶ ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ ካሜራው ግን አላምንም ብሎ ያጨልመዋል። ቶሮንግ ላ ላይ የተነሱ ብዙ ፎቶዎች በረዷቸው አመድ የሚመስለው በዚህ ነው። ጋሞ ውስጥ በረዶ የለም፤ ጉምና ነጭ ቡልኮ ግን አለ። መፍትሔውም አንድ ነው፤ ከካሜራው ግምት አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) መጨመር። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ነክቶ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መሳብ ነው።

ጉም ከኋላው ሆኖ ጥቁር ፊት ከፊቱ ሲቆም ችግሩ ይብሳል። ካሜራው ነጩን ለማዳን ሲል ሰውየውን ያጠፋዋል። ይህ የሒሳብ ችግር ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለበት። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት የፎቶ ቀለም የሚያስተካክልበት ናሙና «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ፊልሙ ጥቁር ቡናማዎችን በደንብ መለየት የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች በማስታወቂያ ፎቶዎቻቸው ላይ ካማረሩ በኋላ እንደሆነ ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ ጽፈዋል። ስልክ ሠሪዎችም ጉዳዩን በይፋ ያነሱት በቅርቡ ነው፤ ጎግል ለጥቁር ቆዳ የተስተካከለ አሠራሩን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስለዚህ ጨንቻ ገበያ ላይ ሽማግሌ ወይም ሸማኔ ፎቶ የምናነሳ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ፊታቸው ያለበትን ቦታ መንካት፣ ከዚያ ብርሃኑን መጨመር። ጉሙ ይንጣ፤ ሰዎቹ ይታዩ።

ከጨንቻ በላይ ያለው መንገድ በእግር ነው የሚያምረው። የገብስ ማሳ ያልቃል፣ አስታ ይጀምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሰማዩ ደግሞ ከአርባ ምንጭ የምናውቀው አይደለም፤ በላያችን የሚበትን አየር ስላነሰና ብናኙ ከታች ስለቀረ ይጠቁራል፣ ይጠልቃል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረርን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጉጌ ላይ ከአርባ ምንጭ ሠላሳ በመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ይህን ጨረር ይፈሩት ነበር፤ ፊልም ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ስለሚያይ ፎቶው ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ይጥልባቸው ነበርና። የዛሬ ሴንሰር ይህን የሚያግድ ፊልተር ከፋብሪካው ተለጥፎበት ይወጣል። ሻጮች ዛሬም የሚያሻሽጡት የዩቪ ፊልተር መስታወት ከመጠበቅ በቀር ጥቅም የለውም፤ ገንዘቡን ለባርኔጣ ማዋል ይሻላል።

ጥላ ውስጥ የሚነሳ ፎቶም እዚህ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይ ያልነካው ቦታ ብርሃን የሚያገኘው ከዚያ ከጠቆረ ሰማይ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ቆጮውን የሚበላ ጓደኛ ፎቶው ላይ የበረደው ይመስላል። በርግጥ በርዶትም ይሆናል። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ብለን ብናሰላ ጉጌ ከአርባ ምንጭ 19 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ሊትየም ባትሪ በብርድ ውስጡ ያለው የአዮኖች ጉዞ ይዘገያል፣ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ግማሽ እያሳየ ድንገት ይጠፋል። አልሞተም። ደረት ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይነሳል፤ ስለዚህ ባትሪ የሚያድረው ከሰው ጋር ነው፣ ከቦርሳ ጋር አይደለም። ድሮን የሚያመጡም አሉ። ፈቃድ ማስፈለጉን ትተን፣ በሳሳ አየር ላይ ክንፎቹ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው ግን ዓይን ነው። ሬቲና ብዙ ኦክስጅን የሚበላ የሰውነት ክፍል ነው፤ በጨለማ የማየት ችሎታ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ መቀነስ እንደሚችል አብራሪዎች ሲሠለጥኑ ይነገራቸዋል። በንጋት ጨለማ 3,500 ሜትር ላይ ቆሞ የስልኩን ስክሪን የሚያይ ሰው ፎቶው በቂ ብርሃን እንዳለው በዓይኑ ሊፈርድ አይገባም፤ የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን፣ ይመን። እጅም ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽም ካሜራውን ያነቃንቃል። ወጥቶ ወዲያው ከመተኮስ ትንሽ ቆሞ ልብ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ባለችው ዕረፍት መጫን ይረዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከአርባ ምንጭ በአንድ ቀን ጉጌ ደርሼ እመለሳለሁ የሚል ሰው ጨንቻ አድሮ ቢወጣ ለጭንቅላቱም ለፎቶውም ይበጀዋል።

የአገሬው ሰው ግን ይህን ሁሉ የሚያውቅ አይመስልም፤ በነጠላ ጫማ፣ ጭነት ተሸክሞ፣ እያወራ ያልፈናል። ይህ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ፣ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻው የመሯቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። ባይራ የተባለው የዚህ ሰው ሙሉ የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖም ነው። በውስጡ ዛሬ የኢትዮጵያ ደገኞች ላይ ከከፍታ መላመድ ጋር የሚያያዙ የዘር ምልክቶች ተገኝተዋል። በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር፣ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች የኦክስጅኑን እጥረት ሂሞግሎቢናቸውን በማብዛት ይቋቋሙታል። የቲቤት ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ቢልም ሂሞግሎቢናቸው አይበዛም። የአምባራስ ሰዎች ግን ሂሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠንም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም። ሦስት ተራራ፣ ሦስት መላ። አስጎብኚው ሳይቆም ሲወጣ ቆላ ያደገው ፎቶ አንሺ በየሃያ እርምጃው ለፎቶ የሚቆምበት እውነተኛ ምክንያት ይኸው ነው።

ቁልቁለቱ ሌላ አደጋ አለው። ጉጌ ላይ የበረደ ካሜራ አርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ሲወጣ እርጥቡ አየር ሌንሱ ላይ፣ አንዳንዴም ሌንሱ ውስጥ፣ ጤዛ ይሆናል። ከተራራው ሳይወርዱ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ማሰርና እስኪሞቅ አለመክፈት ነው፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ሌንስ መቀየርም እስከዚያ ይቆይ።

ቤት ገብተን ፎቶዎቹን ስናይ የሁሉም ሰው ቅሬታ አንድ ነው፤ ተራራው አነሰ። እንደገና ሒሳቡን እንሥራው። ከአርባ ምንጭ በ2,900 ሜትር የሚበልጥ አናት በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ ከአድማስ በላይ የሚነሳው ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው። የተለመደው የስልክ ሌንስ አግድም ተይዞ ከላይ እስከ ታች 50 ዲግሪ ያህል ያያል። ስለዚህ ተራራው የፎቶውን ቁመት አንድ ስድስተኛ ይይዛል፤ የቀረው ሰማይና ሣር ነው። ዓይናችን ያንን ተራራ ብቻ መርጦ ስለሚያይ ግዙፍ ሆኖ ይሰማናል፤ ሌንስ መምረጥ አያውቅም። የሁለት እጥፍ ሌንስ ሲሦውን ያደርሰዋል። ፍሬሙ ውስጥ ርቆ የቆመ ሰው ወይም የእንሰት ተክል ካለ ደግሞ መጠኑን ይናገራል።

እነዚህ ፎቶዎች ከአልበም ያለፈ ጥቅም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲሶች ክፍሉን ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር፤ ከቦርን የማኒራንግ ጉዞ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በጉዟቸው የሰሜን ኢትዮጵያን ተራራና ሸለቆ አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ ያኔ ካሜራው የቆመበት ላይ ቆመው ደግመው አነሷቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ትግራይ ውስጥ ብዙ ቦታ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ከ1868ቱ የተሻለ ሆኖ አገኙት፤ አገሩ በየዓመቱ እየተራቆተ ብቻ መጥቷል የሚለውን ግምት የሚሞግት ውጤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የጨንቻን ቀርከሃ፣ የጉጌን አስታና የአባያን ዳርቻ በዚህ ዓይነት ለማወዳደር ዛሬ መነሻ የሚሆን ፎቶ መተው ይቻላል። የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም የቆየ አጥር ፍሬሙ ውስጥ ማስገባት፣ የስልኩን የቦታ መመዝገቢያ አለማጥፋት፣ በዙም ከተነሳ ስንት እጥፍ እንደሆነ መያዝ፣ ወሩንና ሰዓቱን መጻፍ። ሰዓቱ የሚጻፈው ጥላ ገደሉን ስለሚለውጠው ነው፤ ወሩ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ቦታው ላይ የሚቆመው ሰው ሐይቁ የደበዘዘው በአየሩ ይሁን በውሃው እንዲያውቅ።